የዓይን ሮዜሺያ፦ ምንነቱ፣ ልየታውና የሕክምና አማራጮቹ

መግቢያ

ሮዜሺያ በአመዛኙ የፊትን መካከለኛ ክፍል የሚያጠቃ፣ እየበረደና እየተመለሰ ለዓመታት የሚቆይ የቆዳ ብግነት ነው። ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ያቀላል፤ ጥቃቅን ደም ሥሮችን ያጎላል፤ ብጉር መሰል ሽፍታም ያወጣል። በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ዘመን የሰፈረው ሥዕሉ ነጭ ቆዳ ያለው ሰው ፊት በመሆኑ፣ ሕመሙ ጥቁር ሕዝቦችን የማይመለከት ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሮዜሺያ በማናቸውም የቆዳ ቀለም ላይ ይከሠታል። ከቆዳም አልፎ የዓይን ቆብን፣ የእንባን ሽፋንና ኮርኒያን፣ ማለትም በዓይን ፊት ለፊት የሚገኘውን ብርሃን አሳላፊ አካል ሊጎዳ ይችላል። ይህ ገጽታው የዓይን ሮዜሺያ ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮዜሺያ ማኅበር የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2002 ሕመሙን በአራት ንኡሳን ዓይነቶች ሲከፍል፣ የዓይን ሮዜሺያ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል።

ሕመሙ በብዙዎች ዘንድ ዓይንን ከማቅላት፣ ከማቃጠልና ከመቆርቆር አያልፍም። ሳይታወቅ ወይም በተሳሳተ መድኃኒት ሲታከም ግን ኮርኒያን ሊያቆስል፣ ጠባሳ ሊያስቀርበት፣ አልፎ አልፎም ሊበሳው ይችላል። በዚያ ደረጃ የጠፋ ብርሃን በቀላሉ አይመለስም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዓይን ሮዜሺያ ሕክምና አማራጮችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ማቅረብና በኢትዮጵያ ካለው የዓይን ጤና ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ነው። ጽሑፉ የሚያጎላው ዐቢይ ነጥብ፣ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የሚበቃው ሕክምና ርካሽና በአገራችን የሚገኝ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ የሚጎድለውም ሕመሙን በጊዜ ለይቶ ማወቅ መሆኑን ነው።

የሕመሙ አካሄድ

የዓይን ሮዜሺያን ለመረዳት መነሻው የዓይን ቆብ ጠርዝ ነው። በላይኛውና በታችኛው ቆብ ውስጥ፣ ከሽፋሽፍት ሥር በስተኋላ፣ በረድፍ የተደረደሩ ቀጫጭን ዕጢዎች አሉ። እነዚህን ዕጢዎች ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማይቦም እ.ኤ.አ. በ1666 በዝርዝር ስለገለጻቸው የማይቦም ዕጢዎች ይባላሉ። የላይኛው ቆብ ከ30 እስከ 40፣ የታችኛው ደግሞ ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ ዕጢዎች ይኖሩታል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ዘይታማ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ ይህም ፈሳሽ በእንባ ላይ እንደ ስስ ክዳን ተንሳፎ እንባው ቶሎ እንዳይተን ይጠብቃል።

በሮዜሺያ ታማሚ ዘንድ ይህ ፈሳሽ ይወፍራል። ጤናማው ፈሳሽ በዓይን ቆብ ሙቀት የሚቀልጥ ሲሆን፣ የታመመው ግን የሚቀልጥበት ሙቀት ከፍ ስለሚል፣ ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ ሁሉ በዕጢው ቀዳዳ ላይ ይረጋል። ቀዳዳው ሲደፈን ዕጢው ያብጣል፤ ክዳኑን ያጣው እንባ በሰከንዶች ውስጥ ይተናል፤ የደረቀው የኮርኒያ ገጽም ይቆጣል። ታማሚዎች «ዓይኔ ደርቋል» እያሉ በዚያው ልክ እንባቸው የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የደረቀው ገጽ ሲቆጣ ዓይን ውሃማ እንባ ያፈሳል፤ ዘይት የሌለው እንባ ግን በገጹ ላይ አይጸናም።

ከዚህ ሜካኒካዊ መደፈን ጎን ለጎን የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ከልክ በላይ መቆጣት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ መሠረታዊ ጥናት፣ በሮዜሺያ ታማሚዎች ቆዳ ውስጥ ካተሊሲዲን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን ፕሮቲን በብዛት እንደሚገኝ፣ ይህን ፕሮቲን የሚቆራርጠው ኢንዛይምም ከመጠን በላይ እንደሚሠራ አሳይቷል። የተቆራረጠው ፕሮቲን ብግነትን ይቀሰቅሳል፤ አዳዲስ ደም ሥሮችም እንዲያቆጠቁጡ ያደርጋል። በእንባ ውስጥም ሕብረ ሕዋስን የሚፈጩ ኢንዛይሞች መጠን ከፍ ብሎ ይገኛል። በሦስተኛ ደረጃ ዴሞዴክስ የተባለው፣ በዓይን የማይታይና ስምንት እግር ያለው ጥገኛ ተባይ ይጠቀሳል። ይህ ተባይ በጤናማ ሰዎችም ፊት ላይ የሚኖር ቢሆንም፣ በሮዜሺያ ታማሚዎች ዘንድ ቁጥሩ በዝቶ ይታያል፤ አንደኛው ዝርያው በሽፋሽፍት ሥር፣ ሌላው በማይቦም ዕጢዎች ውስጥ ይኖራል። ሕክምናዎቹ ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ከመደፈን፣ ከብግነትና ከተሕዋስያን መብዛት አንዱን ወይም ሌላውን ለመግታት የታለሙ ናቸው።

ልየታ፦ ቆዳ የሸሸገውን ዓይን ሲገልጠው

የዓይን ሮዜሺያን በእርግጠኝነት የሚያረጋግጥ የደም ወይም የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ልየታው በሐኪም ዓይንና በታማሚው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ነጭ ቆዳ ባለው ሰው ላይ የፊቱ መቅላት ሐኪሙን ወደ ዓይኑ ይመራዋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቀለሙ መቅላቱን ስለሚሸፍነው ይህ መሪ ምልክት ይጠፋል። ታማሚው የሚናገረው ፊቱን የሚያቃጥለውና የሚወጋው፣ ሳሙናና ቅባት የማይስማማው፣ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ሲሆን ፊቱ የሚግል መሆኑን ነው። ብጉር መሰል ሽፍታው ደግሞ ተራ ብጉር ተብሎ ይታለፋል። ከዚህም በላይ ከአምስት ታማሚዎች በአንዱ ያህል የዓይኑ ምልክት ከቆዳው ይቀድማል፤ በሕፃናት ዘንድ ይህ ቅድሚያ ይበልጥ ይስተዋላል።

በዚህ ጊዜ ዋናው ማስረጃ የሚገኘው ከዓይን ቆብ ጠርዝ ነው። ስሊት ላምፕ በተባለው የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የቆቡ ጠርዝ ይወፍራል፤ የጎሉ ጥቃቅን ደም ሥሮች ይታዩበታል፤ የማይቦም ዕጢዎች ቀዳዳዎች በረጋ ዘይት ተደፍነው ይገኛሉ፤ ቆቡ በጣት ጫን ሲባል ጥርት ያለ ዘይት በመውጣት ፈንታ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ወፍራም ነገር ይወጣል። በሽፋሽፍት ሥር እንደ ቀለበት የሚከማች ቅርፊት የዴሞዴክስ ምልክት ነው። በዓይን ቆብ ላይ እየተመላለሰ የሚወጣ እብጠትም ሮዜሺያን ሊያስጠረጥር ይገባል። የቆቡ ውስጠኛ ጠርዝና የዓይን ነጩ ክፍል እንደ ፊት ቆዳ በጥቁር ቀለም የተሸፈኑ ስላልሆኑ፣ ቆዳ የሸሸገውን መቅላት ዓይን ይገልጠዋል።

በኢትዮጵያ ልየታውን የሚያወሳስበው ሌላው ነገር ትራኮማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች መሻሻል ቢታይም፣ አገሪቱ አሁንም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። በመሆኑም የቀላና የሚያነባ ዓይን ያየ የጤና ባለሙያ በመጀመሪያ ትራኮማን ማሰቡ ተገቢ ነው። ሁለቱን ለመለየት ግን የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ትራኮማ በዋናነት የላይኛውን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ያጠቃል፤ እዚያም ነጫጭ ጉብታዎች፣ ዘግይቶም ጠባሳ ይታያል፤ በኮርኒያ ላይ የሚያቆጠቁጡት ደም ሥሮችም ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። የዓይን ሮዜሺያ ደግሞ የሁለቱንም ቆቦች ጠርዝ ይይዛል፤ የኮርኒያው ጉዳትም በአብዛኛው ከታችኛው ክፍል ይጀምራል። የአለርጂ ሕመም በበኩሉ ከማቃጠል ይልቅ ብርቱ ማሳከክ ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከልጅነት ይጀምራል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ሊታከል ይገባል። በአንድ ዓይን ላይ ብቻ የጸና፣ ለሕክምና የማይበገር ወይም በአንድ ቦታ እየተመላለሰ የሚወጣ የዓይን ቆብ እብጠት፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ፣ የቆብ ዕጢዎች ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በናሙና ምርመራ መጣራት አለበት።

የሕክምናው አጠቃላይ መርሕ

የዓይን ሮዜሺያ ተቆጣጥረው የሚኖሩበት እንጂ በአንድ ዙር መድኃኒት ከሥሩ የሚነቀል ሕመም አይደለም። ይህ ለታማሚው ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር መድኃኒቱ እንዳልሠራ እየቆጠረ ከሐኪም ወደ ሐኪም ይንከራተታል። ሕክምናው እንደ መሰላል በደረጃ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በሁሉም ታማሚ የሚከናወን ሲሆን፣ ወደ ላይኛው ደረጃ ሲወጣም አይተውም። ለከባድ ሕክምናዎች የቀረበው ማስረጃ እኩል ጥንካሬ የለውም፤ በዓይን ሮዜሺያ ላይ ብቻ ያተኮሩ ጥሩ ጥናቶች ጥቂቶች በመሆናቸው፣ ብዙው ልምድ የተወሰደው ከማይቦም ዕጢዎች ሕመምና ከዓይን ድርቀት ጥናቶች ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

የሕክምናው መሠረት ሙቀት፣ ማሸትና ንጽሕና ነው። ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ተነክሮና ተጨምቆ በተዘጉ ዓይኖች ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። የቆቡ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ የረጋው ዘይት ይቀልጣል። ጨርቁ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ ደጋግሞ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ታማሚዎች ጥቅም የማያገኙበት ምክንያት ይህን ባለማድረጋቸው ነው። ውሃው ቆዳን የሚለበልብ መሆን የለበትም፤ ጨርቁን አስቀድሞ በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል መሞከር ይገባል። ቀጥሎ የላይኛው ቆብ ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛው ከታች ወደ ላይ በጣት በቀስታ ይታሻል። በመጨረሻም የሽፋሽፍቱ ሥር በንጹሕ ጥጥና ዓይን በማያቃጥል፣ በውሃ በቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ማጽጃ ይጸዳል። ሕመሙ በበረታበት ጊዜ ይህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከበረደ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ይደረጋል።

በፋርማሲ የሚሸጥ ሰው ሠራሽ እንባ የደረቀውን ገጽ ያረጥባል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ዓይነት እንዲመርጥ ይመከራል፤ ኬሚካሉ ራሱ የኮርኒያን ገጽ ያስቆጣልና። መቅላትን ብቻ የሚያጠፉ፣ ደም ሥርን የሚያጠብቡ ጠብታዎች ግን አይመከሩም፤ ውጤታቸው ሲያልቅ መቅላቱ ብሶ ይመለሳል።

ቀስቃሽ ነገሮችን ማወቅም የሕክምናው አካል ነው። የጠራራ ፀሐይ፣ የምድጃ ወላፈን፣ የሚፋጅ መጠጥ፣ በቅመም የበዛ ምግብ፣ አልኮልና ጭንቀት በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። ቀስቃሹ ከሰው ሰው ስለሚለይ ለሁሉም አንድ ዓይነት የክልከላ ዝርዝር መስጠት አግባብ አይደለም፤ ታማሚው ራሱን ለጥቂት ሳምንታት ቢከታተልና ሕመሙ የባሰበትን ቀን ከምግቡና ከውሎው ጋር ቢያነጻጽር ይሻላል። በዚህ ረገድ ቡና በስሕተት ሲወቀስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ያካተተ ጥናት፣ ካፌይን ያለው ቡና በብዛት የሚጠጡ ሴቶች በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ታማሚው ቡናውን እንዲተው ከመገሠጽ በፊት በረድ አድርጎ እንዲጠጣው መምከር በቂ ሊሆን ይችላል። የማገዶ ጭስም የዓይንን ገጽ በቀጥታ ስለሚያስቆጣ፣ ምግብ በሚበስልበት ቤት የጭስ መውጫ ማበጀት ከማናቸውም ጠብታ ያላነሰ ጥቅም አለው።

የዓሣ ዘይት እንክብሎች በሰፊው ይመከሩ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ላይ በቀን 3 ሺህ ሚሊግራም ኦሜጋ 3 የወሰዱ የዓይን ድርቀት ታማሚዎች፣ የወይራ ዘይት ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ስለዚህ አቅሙ ውሱን ለሆነ ታማሚ ይህን ወጪ ማስቀረት ይቻላል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ በዓይን ላይ የሚደረጉ መድኃኒቶች

እንክብካቤው ብቻውን ካልበቃ የአንቲባዮቲክ ቅባት ይታከላል። ኤሪትሮማይሲን ወይም ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ማታ ከመኝታ በፊት ለጥቂት ሳምንታት በቆቡ ጠርዝ ላይ ይቀባል። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለትራኮማ ሕክምና ሲባል በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ሳይቀር የታወቀ በመሆኑ ተደራሽነቱ የጎላ ነው። የአዚትሮማይሲን ጠብታም በየአገሩ እንደሚገኘው ዓይነት በ1 ወይም በ1.5 በመቶ ጥንካሬ ይዘጋጃል፤ ባክቴሪያን ከመግታቱ በተጨማሪ ብግነትን ያበርዳል።

ሳይክሎስፖሪን የተባለው ጠብታ የብግነት ሕዋሳትን ሥራ የሚገታ እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም። በ0.05 በመቶ ጥንካሬ በቀን ሁለት ጊዜ ይደረጋል። በዓይን ሮዜሺያ ታማሚዎች ላይ ከሰው ሠራሽ እንባ የተሻለ መሆኑን የሚያመለክት ጥናት አለ፤ የማስረጃው ጥራት ግን ዝቅተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ውጤቱ ከሳምንታት እስከ ወራት የሚዘገይ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ታማሚው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ጠብታውን ማቋረጡ አይቀርም። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ጥቅሙ ያለ ስቴሮይድ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ሊወሰድ መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ፦ የሚዋጡ መድኃኒቶች

መካከለኛና ከባድ ሕመም ሲኖር፣ በተለይም ኮርኒያ መነካት ከጀመረ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ቀዳሚው ዶክሲሳይክሊን ነው። በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ ታይፈስን ለመሳሰሉ የትኩሳት በሽታዎች የታወቀው ይኸው መድኃኒት፣ እዚህ የሚታዘዘው ባክቴሪያ ለመግደል ብቻ አይደለም። ዶክሲሳይክሊን ሕብረ ሕዋስን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ይገታል፤ ባክቴሪያዎች የማይቦምን ዘይት ወደሚያስቆጡ የስብ አሲዶች እንዳይለውጡም ያግዳል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለቆዳ ሮዜሺያ የተፈቀደው፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው የ40 ሚሊግራም ዝግጅት ነው፤ ይህ መጠን ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ ሆኖ ሳለ ብግነትን ያበርዳል። በተለመደው አሠራር በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ 100 ሚሊግራም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል፤ ከዚያም መጠኑ ይቀንሳል።

ጥንቃቄዎቹ ቀላል አይደሉም። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡሮችና ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ለዚህ ዓይነት ረጅም ሕክምና አይሰጥም። ጉሮሮን ስለሚያቆስል በሙሉ ብርጭቆ ውሃ መዋጥና ወዲያው አለመተኛት ያስፈልጋል። ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። የብረትና የካልሺየም እንክብሎች፣ የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎችም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉ በሰዓታት ልዩነት መወሰድ አለባቸው። ብርቱ ራስ ምታትና የዕይታ መደብዘዝ ከተከሠተ መድኃኒቱን አቁሞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት የመጨመሩ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው አማራጭ አዚትሮማይሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ የማይቦም ዕጢዎች ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ የንጽጽር ጥናት፣ የ5 ቀን አዚትሮማይሲን የአንድ ወር ዶክሲሳይክሊንን ያህል ወይም የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አመልክቷል። የጊዜው ማጠር ለታማሚውም ለወጪውም ይበጃል። የልብ ምት መዛባት ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ለሕፃናት ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን እንደ ክብደታቸው ይታዘዛል።

አዚትሮማይሲን በኢትዮጵያ ትራኮማን ለማጥፋት በየዓመቱ ለሚሊዮኖች የሚታደል መድኃኒት ነው። ከዚህም የተነሣ በአንዳንድ አካባቢዎች የሮዜሺያ ታማሚ ሳይታወቅለት የሕመሙን መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ይወስዳል ማለት ይቻላል። ሆኖም አንድ ጊዜ የሚወሰድ መጠን ለሮዜሺያ የሚሰጠውን ተከታታይ ሕክምና አይተካም። በሌላ በኩል በአማራ ክልል በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በተካሄደ ጥናት፣ መድኃኒቱ በተደጋጋሚ ከታደለ በኋላ በሕፃናት ላይ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች መብዛታቸው ታይቷል። ስለዚህ የሚዋጡ አንቲባዮቲኮች ሕመሙ በትክክል ሲለይና የመጀመሪያው ደረጃ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ መታዘዝ ይኖርባቸዋል።

ስቴሮይድ፦ አጭር ጥቅም፣ ረጅም አደጋ

የስቴሮይድ ጠብታ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መቅላቱንና ማቃጠሉን ያጠፋል። ኮርኒያ በብርቱ ሲቆጣ በዓይን ሐኪም ቁጥጥር ለአንድና ለሁለት ሳምንት ሲሰጥ ጥቅሙ የታወቀ ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ፍጥነቱ ነው። የማያቋርጥ የዓይን መቅላት ያለባት አንዲት መምህርት ያለ ማዘዣ ጠብታ ገዝታ እፎይታ አገኘች እንበል። ሕመሙ ሲመለስ ያንኑ ትገዛለች፤ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መሐል የዓይን ውስጣዊ ግፊት ከፍ ብሎ ያለ ምንም ሕመም ግላኮማ ሊከተል፣ የዓይን ሞራ ሊጋረድ፣ የቆሰለ ኮርኒያም ሊሳሳና ሊበሳ ይችላል። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። ለቀላል ሕመም የተወሰደው ጠብታ ከሕመሙ የከፋ ጉዳት አደረሰ ማለት ነው።

ተመሳሳይ አደጋ በፊት ቆዳ ላይም አለ። ፊትን ለማጥራት ወይም ለማንጣት ተብለው የሚሸጡ ብርቱ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች ለወራት ሲቀቡ፣ ሮዜሺያ የመሰለ ሽፍታና መቅላት ያስከትላሉ። ክሬሙ ሲቋረጥ ሕመሙ ለጊዜው ስለሚብስ ታማሚዋ ወደ ክሬሙ ትመለሳለች። የዓይን ሐኪም ስለ ጠብታ ብቻ ሳይሆን ስለ ፊት ቅባትም መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

መሣሪያዎችና አዳዲስ ሕክምናዎች

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የተስፋፋው አንደኛው ሕክምና ብርቱ የብርሃን ጨረር በዓይን ዙሪያ ቆዳ ላይ በቅጽበት መልቀቅ ነው። ብርሃኑ በጎሉት ደም ሥሮች ሲዋጥ ደም ሥሮቹ ይዘጋሉ፤ ብግነቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ብርሃኑን የሚውጠው ደም ብቻ አይደለም፤ የቆዳ ጥቁር ቀለምም ይውጠዋል። በመሆኑም በጣም በጠቆረ ቆዳ ላይ ቃጠሎና የቀለም መለወጥ ስለሚያስከትል በአብዛኛው አይመከርም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሕክምና ሲቀርብላቸው፣ ከመስማማታቸው በፊት ባለሙያው መሣሪያውን በእነርሱ ዓይነት ቆዳ ላይ የመጠቀም ልምድ እንዳለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ቆብን ከውስጥ እያሞቀ የሚጨምቀው መሣሪያ ይህ የቀለም ችግር የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩናይትድ ስቴትስ የተፈቀደ ሲሆን ዋጋው ግን ውድ ነው።

በዴሞዴክስ ላይ ደግሞ የሻይ ዛፍ ዘይት ያለባቸው ማጽጃዎች ሲሠራባቸው ቆይቷል፤ ሳይቀጥን የተቀባ ዘይት ኮርኒያን ስለሚጎዳ በቤት መቀመም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሎቲላነር የተባለ ጠብታ በዴሞዴክስ ለሚመጣ የዓይን ቆብ ብግነት በዩናይትድ ስቴትስ ተፈቅዷል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ይደረጋል። ለፊት ቆዳ ሮዜሺያ ደግሞ የ1 በመቶ አይቨርሜክቲን ክሬም አለ። አይቨርሜክቲን በአገራችን የወንዝ ዳር ዕውርነትን ለመከላከል በእንክብል መልክ የሚታደለው ያው መድኃኒት ነው።

ኮርኒያ ሲጎዳ

ብርቱ የዓይን ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የዕይታ መቀነስ ወይም በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ መታየት አስቸኳይ ምልክቶች ናቸው፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት አለባቸው። ኮርኒያ ከተበሳ ቀዳዳው በሕክምና ማጣበቂያ ወይም ከእንግዴ ልጅ ሽፋን በሚወሰድ ስስ ሽፋን ሊደፈን ይችላል። ጠባሳው ዕይታን ሲጋርድ የመጨረሻው አማራጭ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው። በኢትዮጵያ የዓይን ባንክ አማካይነት ንቅለ ተከላ የሚከናወን ቢሆንም፣ የሚለገሰው ኮርኒያ ከሚጠባበቁት ታማሚዎች ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። ከዚህም ባሻገር ደም ሥር ያቆጠቆጠበት ኮርኒያ አዲሱን ሕብረ ሕዋስ የመግፋት ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ በሮዜሺያ ታማሚ ላይ የንቅለ ተከላው ውጤት ከሌሎች ያነሰ ይሆናል። በመሰላሉ ጫፍ ያለው ሕክምና እጅግ ውዱና ተስፋውም ከሁሉ የጠበበው ነው።

ማጠቃለያ

የዓይን ሮዜሺያ ሕክምና ከሙቅ ጨርቅ ተነሥቶ እስከ ንቅለ ተከላ ይዘልቃል። ከላይ እንደታየው፣ በመሰላሉ ታችኛ ደረጃዎች ላይ ያሉት የሙቅ ውሃ እንክብካቤ፣ የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን ለሌላ በሽታ ሲባል በአገራችን የተለመዱ ናቸው፤ ለአብዛኞቹ ታማሚዎችም ይበቃሉ። በላይኛው ደረጃ ያሉት ደግሞ ወይ ለጠቆረ ቆዳ አይስማሙም፣ ወይ ዋጋቸው አይቀመስም፣ ወይ ውጤታቸው አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ የታማሚው ዕድል የሚወሰነው በየትኛው ደረጃ ላይ ሳለ ሕመሙ እንደታወቀ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ተግባራዊ ነጥቦችን ማንሣት ይቻላል። አንደኛ፣ ትራኮማን ለመለየት የሚሰጠው ሥልጠና የዓይን ቆብ ጠርዝን መመርመርንም ቢያካትት፣ ባለሙያው በእጁ ባለው መሣሪያ ሁለተኛውን ሕመም መለየት ይችላል። ሁለተኛ፣ የቆዳና የዓይን ሐኪሞች ታማሚዎችን እርስ በርስ የሚላላኩበት አሠራር ሊጠናከር ይገባል፤ ሕመሙ በሁለቱ ሙያዎች ድንበር ላይ የሚገኝ ነውና። ሦስተኛ፣ የስቴሮይድ ጠብታና ክሬም ያለ ማዘዣ መሸጥ ሊገታ፣ ኅብረተሰቡም ስለ አደጋው ሊነገረው ያስፈልጋል። ለታማሚው ራሱ የሚቀረው ምክር አጭር ነው፦ ለወራት የቀላና የሚያቃጥል ዓይን በጠብታ ለውጥ ብቻ የማይድን ከሆነ፣ ጠብታውን ከመቀየር በፊት የዓይን ቆቡን ጠርዝ የሚመረምርለት ባለሙያ ይፈልግ።